የተጠጣ ምስጋና

ስህተቱን ያየሁት ሁለት መቶው ፕሮግራም ታትሞ፣ ታጥፎ፣ የምክር ቤቱ ተላላኪ በብስክሌቱ ጭኖት ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ከምሳ የተረፈኝን የበቆሎ ኬንኬ ልጠቀልልበት ሳነሳው ዓይኔ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ አረፈ። «7. የምስጋና ንግግር፤ በወጣቶች ተወካይ በወይዘሪት ፎሱዋ።» ከሥሩ፣ «8. ስለ አሮጌው የኮኮዋ መመዘኛ መጋዘን የሚሰጥ ውሳኔ።»

ተገልብጧል። ሰው መጀመሪያ ይወስናል፣ ከዚያ ይመሰገናል። በእኔ ፕሮግራም ግን ምክር ቤቱ ሳይወስን ይመሰገናል።

ኬንኬውን ትቼ ቁጭ አልኩ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የአሱምፓን ከተማ የቀብር ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪና የክስ ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ስህተት የሠራሁት አንዴ ብቻ ነው፤ የሟቹን ፎቶ ትቼ የወንድሙን አተምኩ። ወንድምየው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ያኛው ግን ያስቀረብኝ ሰላምታ ብቻ ነው። ይኼኛው የማተሚያ ኪዮስኬን ሊያሳጣኝ ይችላል። ኪዮስኩ የቆመው በምክር ቤቱ መሬት ላይ ነው፤ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚፈርሙት ሊቀመንበሩ ሚስተር ኦዱሮ ናቸው፤ ስብሰባው የሚስተር ኦዱሮ ስብሰባ ነው፤ ፎሱዋ ደግሞ ልጄ ናት። ከዚህ ውስጥ መጥፎ ነገር ለማውጣት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እኔ ግን ብዙ አስባለሁ።

ፎሱዋ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። የወጣቶች ተወካይ የሆነችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዋና ከተማው የመጣ አንድ ፕሮጀክት «ወጣት የማያሳትፍ ምክር ቤት ድጋፍ አያገኝም» ሲል፣ ሚስተር ኦዱሮ በአንድ ከሰዓት ወጣት ፈልገው አገኙ። የመረጧት በትምህርት ቤት በዓል ላይ ስታነብ ድምጿ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ስለተሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ በአስራ አንድ ስብሰባ ተሳትፋለች፤ አስራ አንድ ጊዜም የምስጋና ንግግር አድርጋለች። ላልተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ አመስግናለች። ገበያው ጋ ሳይደርስ ለቆመ መንገድ አመስግናለች። አምፖል ለሌለው የመንገድ መብራት አመስግናለች። ሌላ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ሌላ ቃል የጠየቃትም የለም።

ሚስተር ኦዱሮ ንግግራቸውን ሁልጊዜ የሚጀምሩት «ወጣቶች የነገ መሪዎች ናቸው» ብለው ነው። ይህንኑ እኔንም ብለውኛል፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ እሳቸው ደግሞ በአርባ አንድ ዓመታቸው የአውራጃው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሳሉ። አሁን ሰባ ሞልቷቸዋል። ያ ነገ የሚባለው ቀን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

መጋዘኑ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የኮኮዋ ገዢዎቹ ትተውት ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። መሬቱ የባላባታችን የናና ነው፤ ቤቱ ግን በምክር ቤቱ እጅ ነው። ፍየልና የሌሊት ወፍ ሲያድርበት ማንም አልፈለገውም። ፎሱዋና ጓደኞቿ አጥበው፣ የጣራውን ቀዳዳ ደፍነው፣ አስራ ዘጠኝ ሆነው ገቡበት። አራት የልብስ ስፌት መኪና፣ የሳርፖንግ የስልክ መጠገኛ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ፣ ፈተና ለሚደግሙ ልጆች የሚሆን ረጅም አግዳሚ ወንበር ተደረደረበት። ሲጸዳ ጊዜ ዓይን በዛበት። የሲሚንቶ ነጋዴው ሚስተር ባዱ ዕቃ ላከማችበት ብለው ጠየቁ። የቅዳሜው ስብሰባ ተራ ቁጥር ስምንት እሱ ነው። መጋዘኑ ለባዱ ከተሰጠ አስራ ዘጠኙም ሜዳ ላይ ይቀራሉ፤ ከአስራ ዘጠኙ አንዷ ደግሞ የእኔ ናት።

በሩ አይቆለፍም። ቁልፉ ሚስተር ኦዱሮ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ወጣቶቹ ኃላፊነት ሲለምዱ ይሰጣቸዋል እንደተባለ ሁለት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ልጆቹ በየምሽቱ መኪናዎቹን ተሸክመው እኔ ቤት ያመጣሉ። ሳሎኔ ውስጥ አራት የልብስ ስፌት መኪና ያድራል፤ እኔም ሌባ መስኮቱን የሰበረ እየመሰለኝ አድራለሁ። እስካሁን የመጣ ሌባ የለም። ይህ ግን ዛሬም አይመጣም ማለት አይደለም።

ፕሮግራሙን ይዤ ወደ ምክር ቤቱ ሮጥኩ። ሐሙስ ነበር። ሚስተር ኦዱሮ ለስብሰባው የመጣውን የቲሸርት ካርቶን ተላላኪውን እያስከፈቱት ነበር።

«ሚስተር ኦዱሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተሳስቻለሁ። ሰባትና ስምንት ተገለባብጠውብኛል። በራሴ ወረቀት ደግሜ አትማለሁ።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት። ከዚያ ሳቁ።

«ማዳም ቲዋ፣ ሳታስቢው ጥሩ ነገር ሠራሽ! ተዪው፤ እንዲያውም እንዲህ ይሻላል።»

«እንዴት ይሻላል?»

«ልጆቹ ያመሰግናሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ወደ ሩዙ ይሄዳሉ። ያኔ እኛ የመጋዘኑን ነገር በጸጥታ እንጨርሳለን። ጥያቄ የለ፣ ጫጫታ የለ። ከፕሮጀክቱ የምትመጣው እንግዳም ወጣቶቹ ሲያመሰግኑ አይታ ደስ ብሏት ትመለሳለች።»

«ግን ገና ምንም ሳይደረግ ለምን ታመሰግናለች?»

«አንቺ ደግሞ! ልጅሽ ለምን እንደምታመሰግን ማን ያዳምጣል? እኔ ራሴ አዳምጬ አላውቅም።» ተላላኪው ሳቀ። «ብቻ እንድታሳጥረው ንገሪያት፤ ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

ከዚያ እንደወጣሁ መረጋጋት ነበረብኝ። ግን በቀላሉ የቀረ ነገር ያስፈራኛል፤ ሌላ ቦታ የሚጠብቀኝ ነው የሚመስለኝ።

ማታ መኪናዎቹ ሳሎን ከገቡ በኋላ ለፎሱዋ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች።

«ተዪው አሉ?»

«ተዪው አሉ።»

«ሰው ሰምቷል?»

«ተላላኪው ነበር። ምነው?»

«እማ፣ የአባዬ አጎት ይህን ቦታ ሲሰጡት ወረቀት ጽፈውለታል?»

«ምን ወረቀት አመጣሽ? አባትሽ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ሄዶ አመሰገነ። ተቀበሉት፤ ምስክር ባለበት ተጠጣ። አለቀ።»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሰው ለተሰጠው ነገር በመጠጥ ያመሰግናል። ሰጪው ምስጋናውን ተቀብሎ ከምስክሮች ጋር ከጠጣ፣ ነገሩ የተቀባዩ ሆነ፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ባሌ በሞተ በሦስተኛው ወር የአጎቱ ልጆች ሊያስወጡኝ መጡ። ያን ቀን የናና ቃል አቀባይ ኦፓኒን ንቲም በትራቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። «የዚህን ቦታ ምስጋና እኔ ጠጥቻለሁ» አሏቸው። «እሷን ከማስወጣታችሁ በፊት እሱን ከሆዴ አውጡት።» ከዚያ በኋላ ደጄን የረገጠ የለም።

«ቅዳሜ ለናና የሚቀርበውን ጠርሙስ ማን ነው የሚገዛው?» አለች ፎሱዋ።

«እንደ ወትሮው ምክር ቤቱ ነዋ። ናና ፊት በባዶ እጅ አይመሰገንም።»

«የዚህኛውን እኛ እንገዛለን። አስራ ዘጠኛችን።»

«ፎሱዋ፣ ያሰብሽውን ነገር አታስቢው።»

«ምን አሰብኩ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ አታስቢው። ኪዮስኩን ያሽጉታል። ፖሊስ ይጠራሉ። ስምሽ ጠፍቶ የሚያገባሽ ይጠፋል። እኔ በደም ግፊት እሞታለሁ፤ ቀብሬ ላይ ደግሞ ሚስተር ኦዱሮ ንግግር ያደርጋሉ።»

«የምስጋና ንግግሩን እኔ አደርጋለኋ» ብላ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ እኔ ምንም አላደርግም። በፕሮግራሙ መሠረት አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍሽው አንቺ፣ ያጸደቁት እሳቸው።»

አርብ ከሰዓት የኦፓኒን ንቲምን የክብር ልብስ ጠርዝ ልቀምቅም ብላ ሄዳ ትንኝ እስኪወጣ ቆየች። አንድ ጠርዝ ያን ያህል አይፈጅም። ግን አልጠየቅኋትም። ካልጠየቅኋት፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት እችላለሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት ዳስ ተተከለ። አንዱ ለናና፣ ለሽማግሌዎችና ለምክር ቤቱ፤ ሌላው ከፕሮጀክቱ ለመጣችው እንግዳና ለካሜራዋ። ወጣቶቹ፣ ስብሰባው ስለ እነሱ ስለሆነ፣ በደንብ እንዲታዩ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም «ድምፄ ይሰማል» የሚል ቲሸርት ለብሰዋል። የመጣው አንድ መጠን ብቻ ስለሆነ የሳርፖንግ ጉልበቱ ላይ ደርሶበታል።

«ይኼ ቲሸርት ነው የሌሊት ልብስ?» አለው አጠገቡ ያለው።

«ዝም በል፤ ድምፅህ ይሰማል።»

ሚስተር ኦዱሮ ወጣቶች የነገ መሪዎች ናቸው አሉ። አርባ ደቂቃ አሉ። ከዚያ ለወጣቶች የጥያቄ ጊዜ ተሰጠ፤ ሦስት ጥያቄ ነበር፣ ሰዓት ስለሄደ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያውን የጠየቀው የሚስተር ኦዱሮ የእህት ልጅ ነው፤ ወደ አርባ ይጠጋዋል። አጎቱ እንዴት እንዲህ ያለ መሪ ሊሆኑ እንደቻሉ ማወቅ ፈለገ። ይህን ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። ሁለተኛውን የጠየቀችው ፀጉር ሠሪዋ የእነ ፎሱዋ ጓደኛ ናት፤ ስለ መጋዘኑ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመዝግቧል» ተባለች። ማንም እስክሪብቶ አላነሳም።

«ተራ ቁጥር ሰባት!» አለ መድረክ መሪው ወረቀቴን ከፍ አድርጎ። «የምስጋና ንግግር!»

በከተማችን የምስጋና ንግግር ሲጀመር ሰው በእግሩ ጫማውን ይፈልጋል፣ ልጁን ይጠራል፣ ሩዙ ወደሚሸትበት ይዞራል። ሚስተር ኦዱሮ ወንበራቸውን ወደ ሚስተር ባዱ አዞሩ፤ ሁለቱም ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ማንሾካሾክ ጀመሩ። የሚሰማ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ናናና ኦፓኒን ንቲምም ነበሩ። ናና ሥራቸው ማዳመጥ ስለሆነ ያዳምጣሉ። የገዛ መሬታቸው ላይ ያለውን መጋዘን ለባዱ ለመስጠት ግን ያማከራቸው ሰው አልነበረም፤ እሱን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ፎሱዋ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ናና ፊት ጫማዋን አውልቃ ጎንበስ አለች። እንደ ደንቡ ለናና የሚነገረው ሁሉ በቃል አቀባዩ በኩል ነውና ወደ እሳቸው ዞረች።

«ኦፓኒን፣ ይህን ለናና ያድርሱልን። ለዳሱ፣ ለድምፅ ማጉያውና ለሩዙ እናመሰግናለን።»

ጭብጨባ። ካሜራው ብልጭ አለ።

«ሊቀመንበራችንን ሚስተር ኦዱሮን እናመሰግናለን።»

ስማቸውን ሲሰሙ፣ ፊታቸው ወደ ባዱ እንደዞረ አጨበጨቡ። ሁልጊዜ ስማቸው ሲነሳ ያጨበጭባሉ።

«ከሁሉም በላይ፣ አሮጌውን የኮኮዋ መጋዘን ለእኛ፣ እዚያ ለምንሠራው ለአስራ ዘጠኛችን፣ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ናና መሬቱን፣ ምክር ቤቱ ቤቱን። የምስጋናችን መጠጥ ይኸው።»

የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሚስተር ኦዱሮም። ምን እንደተባለ የሰማ አንድም ሰው ከመካከላቸው ያለ አይመስለኝም። ኦፓኒን ንቲም በትራቸውን ተክለው፣ ድምፃቸውን ሳያጣድፉ፣ ቃል በቃል ለናና ደገሙት። ከዚያ ወደ ምክር ቤቱ ወንበሮች ዞሩ።

«ናና ከመቀበላቸው በፊት እጠይቃለሁ። ሊቀመንበር፣ ምስጋናው ይግባ?»

ሚስተር ኦዱሮ ከባዱ ጆሮ ሳይነሱ እጃቸውን አወዛወዙ። «ይግባ፣ ይግባ! ቶሎ በሉ፤ ሩዙ ቀዘቀዘ!»

ናና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጠርሙሱ ተከፈተ። ኦፓኒን ንቲም ለአባቶች መሬት ላይ አፈሰሱ፤ ናና ቀመሱ፤ ሽማግሌዎቹ ጠጡ። ብርጭቆው ዞሮ ሚስተር ኦዱሮ ጋ ደረሰ። ብዙ ስላወሩ ጠምቷቸው ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ባዱም ቀመሱ።

«ተራ ቁጥር ስምንት!»

ሚስተር ኦዱሮ አፋቸውን ጠርገው ተነሱ። «አሮጌውን መጋዘን በተመለከተ፣ ምክር ቤቱ በጥልቀት ካጠና በኋላ፣ ለሚስተር ባዱ—»

የኦፓኒን ንቲም በትር መሬቱን መታ። «የቱን መጋዘን?»

«አሮጌውን ነዋ፣ የኮኮዋውን።»

«ምስጋናው ሆድዎ ውስጥ ያለውን?»

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከዚያ ሳቁ ፀሐይ ላይ ወደተቀመጡት ተዛመተ። ሚስተር ኦዱሮ ባዶውን ብርጭቆ አዩት። ፕሮግራሙን አነሱ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኼ የኅትመት ስህተት ነው! ተገልብጦ ነው! እሷ ናት!» ጣታቸው ምሰሶውን ወደያዘችው ሴት ተዘረጋ።

ሁለት መቶ ራስ ወደ እኔ ዞረ። የፈራሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ታሽጎ የሚታየኝ ኪዮስክ፣ ፖሊሱ፣ የደም ግፊቱ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ፎሱዋ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ታየኛለች። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሐሙስ ዕለት ግን ላስተካክለው ብዬ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ‹ተዪው፣ እንዲህ ይሻላል› አሉኝ።»

«መቼ?»

«ቲሸርቱን ሲያስከፍቱ።» ድምፄ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል። «ተላላኪዎም ሰምቷል።»

ተላላኪው ሩዙን እንደጎረሰ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ውሸት ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

ናና ጠዋቱን ሙሉ ያልተናገሩትን በዝግታ ለኦፓኒን ንቲም ነገሯቸው፤ ኦፓኒን ለሕዝቡ አወጡት። «ናና የጠጡትን አይተፉም ብለዋል።»

የፕሮጀክቱ እንግዳ ካሜራዋን አቅፋ መጣች። «ይቅርታ፣ ምን ተፈጠረ? ወጣቶቹ ምን ወሰኑ?»

ሚስተር ኦዱሮ ካሜራውን አዩ። ናናን አዩ። ሃምሳ ዓመት በፖለቲካ የቆየ ሰው በቀላሉ አይወድቅም። የቲሸርቱን ያህል ሰፊ ፈገግታ አወጡ።

«ይኼ ነው እንግዲህ» አሉ፣ «እኛ ዘንድ ትርጉም ያለው የወጣቶች ተሳትፎ የሚባለው።»

የፎቶው ብርሃን ብልጭ አለ። ባዱ ግን ፎቶው ላይ የሉም፤ ሩዝ ሳይበሉ ነው የሄዱት።

ኪዮስኬ አልታሸገም። እስካሁን ማለቴ ነው፤ ፈቃዱ የሚታደሰው ገና ጥር ላይ ነው። ሚስተር ኦዱሮ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ማተሚያ የሚሄደውን ወረቀት ሁሉ ራሳቸው መጥተው ተራ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ዝርዝር አምጥተው ጻፊ አሉኝ፤ የወጣቶች መጋዘን አስተዳደር ኮሚቴ። ሰብሳቢ፣ ሚስተር ኦዱሮ። ምክትል፣ የእህታቸው ልጅ። አራት አባላት፣ ትንሹ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ። ሰባተኛ፣ ወይዘሪት ፎሱዋ፤ ኃላፊነት፣ የምስጋና ንግግር።

«ልክ ነው?» አልኳቸው።

«ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ!»

ማታ ለፎሱዋ ሳሳያት ተቆጣሁ፤ እሷ ግን ወረቀቱን አጥፋ የልብስ መቁረጫ ልክ አደረገችው። «ይሰብሰቡ እማ። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

ቁልፉ እሷ ጋ ነው። በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ኦፓኒን ንቲም በትራቸውን ይዘው የሚስተር ኦዱሮ መሳቢያ አጠገብ ቆሙ፤ ቁልፍ የሌለው ስጦታ ግማሽ ነው፣ እኔ ግማሽ አልጠጣሁም አሉ። መሳቢያው ተከፈተ።

ዛሬ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጋዘኑ ጋ ሄድኩ። ሳርፖንግ የበሩን መቆለፊያ ዝገት በዘይት እያሸ ነበር። አራቱ መኪኖች እንደቆሙ ናቸው፤ ዛሬ የሚሸከማቸው የለም። ሳሎኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ያድራል፤ ሌባው እዚያ ቢመጣ ምን ሊያገኝ ነው ብዬ እንኳ አሰብኩ። መስኮቱን ገፋሁ። የፀጉር ማድረቂያው ሶኬት መነቀሉን አየሁ። ጣራው ሥር ገብቼ ቀና ብዬ የተደፈነውን ቀዳዳ ቆጠርኩ።

«እማ፣ ነይ ውጪ፤ ልንዘጋ ነው።»

«ሌላ ቁልፍ ቢኖራቸውስ? እሳት ቢነሳስ? ኮሚቴው ነገ መጥቶ—»

«ነገ ይምጣ።» ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ቆልፊው። አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ተቆልፎ ይሆን ትያለሽ።»

ከተትኩት። አልዞረም። አወጣሁት፣ ጠረግሁት፣ መለስኩት፤ ግማሽ ዞሮ ቆመ። ይኸው ብዬ ወደ ልጄ ዞር ስል ሳርፖንግ በሩን በትከሻው ደገፍ አደረገው።

ያን ጊዜ ቀጭ አለ። በሩ ተቆለፈ።